የነዳጅ ዋጋ ሲወርድ ናፍጣና ላምባ በቤት እንዴት እንደሚቀመጥ

ሚያዝያ 12 ቀን 2012 ዓ.ም. አንድ በርሜል፣ ማለትም 159 ሊትር፣ የአሜሪካ ድፍድፍ ነዳጅ ዋጋ ከዜሮ በታች 37 ዶላር ከ63 ሳንቲም ወርዶ ነበር። በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ፍጆታው ስለቀነሰና በአሜሪካ ኦክላሆማ ግዛት፣ ኩሺንግ በተባለች ከተማ ያሉት የነዳጅ ማጠራቀሚያዎች ሊሞሉ ስለተቃረቡ፣ ሻጮች ነዳጁን ለሚወስድላቸው ሰው ገንዘብ እስከመክፈል ደርሰው ነበር። በአገራችን የማደያ ዋጋ የሚወሰነው በመንግሥት በመሆኑ፣ እንዲህ ያለው ቅናሽ ደብረ ብርሃን የሚደርሰው ዘግይቶና ተቀናንሶ ነው። ስለዚህ በሸዋ ሮቢት ሽንኩርት የሚያጠጣ ገበሬም ሆነ በመንዝ የናፍጣ ወፍጮ ያለው ሰው፣ የሚይዘውን መጠን በዋጋው ሳይሆን በሞተሩ ፍጆታ ቢወስን ይሻለዋል።

ነዳጅ በጀሪካን መቅዳትና ማከማቸት በሕግ የተገደበ ስለሆነ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የወረዳውን ንግድ ጽሕፈት ቤት ጠይቆ ፈቃድ በጽሑፍ መያዝ ያስፈልጋል። ቀጥሎ ስሌቱ ይሠራል፤ ፓምፑ በሰዓት 1 ሊትር ቢፈጅና በሳምንት 10 ሰዓት ቢሠራ፣ ለ8 ሳምንት የሚበቃው 80 ሊትር ወይም 4 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። ናፍጣ በደንብ ከተያዘ ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ይቆያል፤ ላምባ ከዚያም ይበልጣል። ቤንዚን ግን በጥቂት ወራት የሚበላሽ ከመሆኑም በላይ በደብረ ብርሃን የኅዳር ውርጭ እንኳ ይተናል፤ ትነቱም ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ተስቦ ምድጃ ድረስ ይሄዳል። ቤንዚን በቤት ባይከማች እመርጣለሁ።

ዕቃው ለነዳጅ ተብሎ የተሠራ፣ ክዳኑ የማያፈስ መሆን አለበት፤ የምግብ ዘይት የመጣበት ስስ ጀሪካን ውሎ አድሮ ቅርጹን ያጣል፣ ያፈስሳልም። ሲቀዳ ጀሪካኑ መኪና ላይ ሳይሆን መሬት ላይ ይቀመጥ፤ የማይንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ ብልጭታ ትነቱን ሊያቀጣጥለው ይችላልና። እስከ አፉም አይሞላ። ይህ በእኛ አካባቢ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ በሮቢት ሙቀት ተሞልቶ ጥርቅም ተደርጎ የተዘጋ ጀሪካን ከ3,000 ሜትር በላይ ወደሆነው ጣርማ በር ሲወጣ የውጭው የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ሆዱ ይነፋል፤ ክዳኑ ሲላላም እየተነፈሰ ትነት ይወጣዋል። እንዲህ የተነፋ ጀሪካን ከቤት ውጭ፣ ሲጋራም ሆነ እሳት በሌለበት፣ ቀስ ተብሎ መከፈት አለበት።

ማስቀመጫው ሰው ከሚተኛበት ቤት፣ ከማድቤት፣ ከከብት ጋጣና ከጭድ ክምር የራቀ፣ ጥላ ያለውና አየር የሚያገኝ ለብቻው የቆመ ጎጆ ቢሆን መልካም ነው፤ ክዳኑ ሣር ሳይሆን ቆርቆሮ ይሁን። በየጀሪካኑ ላይ የነዳጁ ዓይነትና የተቀዳበት ቀን ይጻፍ፤ ቀድሞ የገባውም ቀድሞ ይውጣ።

የደጋው ብርድ ሌላ ጣጣ አለው፤ ቀን ሞቆ ሌሊት ሲበርድ በጀሪካኑ ባዶ ቦታ ያለው እርጥበት ጤዛ ሆኖ ናፍጣው ውስጥ ይወርዳል፣ ውኃም ስለሚከብድ ከሥር ይዘቅጣል። ስለዚህ ናፍጣው ከመቀዳቱ በፊት አንድ ቀን ሳይነቃነቅ ይቆይ፤ ጥቂቱ በጠርሙስ ተቀድቶ በብርሃን ሲታይ ደመናማ ከሆነ ሞተር ውስጥ አይግባ። ከሥር የሚቀረው የሁለት ጣት ያህል ዝቃጭም አይጨመር።

ቤንዚን የነካው ዕቃ ለላምባ መያዣነት ፈጽሞ አይዋል፤ ጥቂት ቤንዚን የተቀላቀለበት ላምባ ኩራዙን ወይም ምድጃውን ያፈነዳዋል። እሳት ከተነሣ ነዳጁን ይዞ ስለሚሰራጭ ውኃ አይደፋበትም፤ ደረቅ አሸዋ ከበሩ አጠገብ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ። በጎማ ሲቀዳ በአፍ አይሳብ፤ ማንኪያ የማይሞላ ነዳጅ እንኳ ወደ ሳንባ ቢገባ ለሞት ሊያበቃ ይችላል። ልጅ ከጠጣም እንዲያስታውክ ሳይገደድ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።