ምስጋና ሲመጣ ክብሩን ለእግዚአብሔር እንዴት እንመልሳለን?

ሐዋሳ ውስጥ በምኖርበት ሰፈር ባለፈው ክረምት ጎርፍ የአንዲት እናት ቤት ግድግዳ ባፈረሰ ጊዜ፣ ለእንጨትና ለቆርቆሮ የሚሆነውን ገንዘብ ከቤት ቤት እየዞርኩ የሰበሰብኩት እኔ ነበርኩ። ሥራው ካለቀ በኋላ በዕድሩ ስብሰባ ላይ የደከሙት ሰዎች ስም እየተጠራ ሲመሰገን የእኔ ስም ተዘለለ። ማንም ልብ አላለውም፤ እኔ ግን ልቤ እየነደደ ወደ ቤቴ ገባሁ። አባቶቻችን «ከንቱ ውዳሴ» የሚሉት በሽታ በውስጤ እንዳለ ያወቅሁት የዚያን ዕለት ማታ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ከዚያ ወዲህ ስለማመደው የቆየሁትን ነው።

የመጀመሪያው እርምጃ ሥራውን ከመጀመር በፊት «ይህን ማንም ባያየው እሠራዋለሁ?» ብሎ ራስን መጠየቅ ነው። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ላይ ምጽዋታችንን ለመታየት ብለን እንዳናደርግ ሲያስጠነቅቅ፣ በምዕራፍ 5 ቁጥር 16 ደግሞ ሰዎች መልካሙን ሥራችንን አይተው በሰማያት ያለውን አባታችንን እንዲያከብሩ ብርሃናችን ይብራ ይላል። ሁለቱ ቃላት አይጋጩም። መታየቱ ኃጢአት አይደለም፤ የታየው ሥራ የተመልካቹን ዓይን ወደ ማን ይመራዋል የሚለው ነው ጥያቄው።

ሁለተኛው የተቀበሉትን መቁጠር ነው። ቅዱስ ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 4፥7 ያልተቀበልነው ምን እንዳለን ይጠይቃል። ይህን ጥያቄ በማለዳ በሐይቃችን ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል ሄዶ ማሰብ ይቀላል። ዓሣ አጥማጁ ጀልባውን ቀዝፏል፣ የተቀደደ መረቡን በጣቱ እየለቀመ ጠግኗል፣ ሌሊቱን በብርድ አድሯል፤ ድካሙ የእርሱ ነው። ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ግን ሐይቁ ውስጥ ያኖረው እርሱ አይደለም፤ ለዚህም ነው «እንዴት አደርክ?» ሲሉት «ዛሬስ እግዚአብሔር ሰጠ» ብሎ የሚመልሰው። እርስዎም የሠሩትን አንድ መልካም ነገር ይዘው ጤናውን፣ ጊዜውን፣ ያስተማረዎትን ሰው፣ በሩን የከፈተልዎትን ጎረቤት በወረቀት ላይ ይጻፉ። እኔ ስጽፍ፣ ከሰበሰብኩት ገንዘብ ውስጥ ከኪሴ የወጣው ከሁሉ ያነሰ ሆኖ አገኘሁት።

ሦስተኛውና በየቀኑ የሚያጋጥመን ምስጋናን የመቀበል ነገር ነው። ብዙዎቻችን «ኧረ እኔ ምንም አላደረግሁም» ማለት ትሕትና ይመስለናል። ይህ ግን በአብዛኛው እውነት አይደለም፤ አመስጋኙንም ምስጋናውን ደጋግሞ እንዲያጸና ያስገድደዋል፤ እንዲያውም ውዳሴን በሌላ በር ማስገባት ይሆናል። መልካሙ መልስ ቋንቋችን ውስጥ አለ። ሰው «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ሲለን፣ ውለታችንን እርሱ ሊከፍለው እንደማይችልና ከፋዩ እግዚአብሔር እንደሆነ መናገሩ ነው። እኛም «አብሮ ይስጠን» ስንል ከሰጪነት ወንበር ወርደን ከአመስጋኙ ጋር ተቀባዮች ሆነን እንቆማለን። በሁለት ቃል ሥራው አልተካደም፣ ክብሩም ወደ ባለቤቱ ተመልሷል። ስለዚህ ቃሉን ከልማድ ብቻ አይበሉት፤ የሰውየውን ዓይን እያዩ፣ ቀስ ብለው፣ ትርጉሙን እያሰቡ ይበሉት። ከዚያ በኋላ ማብራሪያ አይጨምሩ።

ክብርን ለእግዚአብሔር መስጠት ስጦታን መደበቅ እንዳልሆነም ዮሴፍ ያስተምረናል። በዘፍጥረት 41፥16 ሕልምን መፍታት ከእርሱ እንዳልሆነ፣ መልሱን የሚሰጠው እግዚአብሔር እንደሆነ ለፈርዖን ነገረው፤ ይህን ብሎ ግን ዝም አላለም፤ ሕልሙን ፈታ፣ ለሰባቱ የራብ ዓመታትም ምክር ሰጠ።

አራተኛው፣ አብረው የደከሙትን በስማቸው መጥራት ነው። «ሁሉን ያደረገው እግዚአብሔር ነው» ብለው ጭቃ ያቦኩትንና ውኃ የቀዱትን ሰዎች ቢዘሉ፣ እግዚአብሔር የሠራበትን እጅ መርሳት ይሆናል። አምስተኛው፣ በሳምንት አንድ ሥራ ለትዳር ጓደኛዎ እንኳ ሳይናገሩ መሥራት ነው። ትንሽ ይሁን፤ አለመናገሩ ምን ያህል እንደሚከብድ ሲያዩ ስለ ልብዎ ብዙ ይማራሉ።

የመጨረሻው እርምጃ ከሁሉ ይከብዳል፤ ሌላው ተመስግኖ እርስዎ ሲዘለሉ የሚደረግ ነውና። ወዲያው ለማንም አያማርሩ። ማታ ለጸሎት ሲቆሙ፣ የተመሰገኑትን አንድ በአንድ በስማቸው እየጠሩ ይባርኳቸው፤ ልብዎ ቢያንገራግርም ጸሎቱን አያቋርጡ። እኔ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከሁለተኛው ስም ማለፍ አቅቶኝ ነበር። አሁን ሁሉንም እጠራለሁ፤ የምጀምረውም በስብሰባው ላይ ስሞቹን ካነበበው ሰው ነው።