ራሙ ተመስጥሯል፣ ታዲያ ምን ጎደለ?

ምልክት፦ ባዮስ ገብታችሁ የራም ምስጠራውን አበራችሁ፤ ሊኑክስ ሲነሳ ግን ስለሱ ትንፍሽ አይልም።

ያበራችሁት ቲኤስኤምኢ የሚባለውን፣ የፕሮሰሰር አምራቹን የኤኤምዲን ዓይነት ከሆነ ምንም አልተበላሸም። እሱ ሥራውን የሚጨርሰው ከሲስተሙ ጀርባ፣ ሚሞሪ መቆጣጠሪያው ላይ ነው። ባዮሱ ላይ መብራቱን አረጋግጡና ተዉት። የሚጠቅመውም ራም ነቅሎ ከሚያነብ ሌባ ለመከላከል ነው (በ2008 ተመራማሪዎች ራም አቀዝቅዘው የምስጠራ ቁልፍ ሲያወጡበት አሳይተዋል)።

ምልክት፦ ምስጠራው በርቷል፣ ፕሮግራሞች ግን ያለምክንያት ይዘጋሉ፣ ፋይል ይበላሻል።

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ምስጠራ ሚስጥር ይደብቃል እንጂ ዳታው እንዳይነካ አይከለክልም። ኤኢኤስ የሚባለው የምስጠራ ዘዴ የሚያመሰጥረው 16 ባይት 16 ባይት እያደረገ ነው። ከተመሰጠረው ውስጥ አንዲት ቢት ብትገለበጥ፣ ሲፈታ 16ቱም ባይት ትርኪምርኪ ሆኖ ይወጣል፤ ፕሮሰሰሩ ደግሞ ማረጋገጫ ከሌለው ያንን ትርኪምርኪ አሜን ብሎ ተቀብሎ ሥራውን ይቀጥላል። ማን ገለበጣት? ወይ ራሙ ተበላሽቷል፣ ወይ በ2014 ይፋ የወጣው ሮውሃመር ነው፦ አንዱን የሚሞሪ ረድፍ በፍጥነት ደጋግሞ በመንካት የጎረቤቱን ቢት መገልበጥ።

መጀመሪያ ቀላሉን ሞክሩ። ሚምቴስት የሚባለውን የራም መፈተሻ ፕሮግራም ሌሊቱን አስኪዱት። ስህተት ካወጣ ራሙን ነቅላችሁ ሌላ ማስገቢያ ላይ ሰኩትና ድገሙት። ስህተቱ ራሙን ተከትሎ ከሄደ ራሙን ቀይሩ፤ እዚያው ማስገቢያ ላይ ከቀረ ማዘርቦርዱን ጠርጥሩ። ባዮሱንም አፕዴት አድርጉ። ማዘርቦርዱ ከተቀበለ ኢሲሲ ራም አስገቡ፦ አንድ ቢት ያርማል፣ ሁለት ሲበላሽ ያሳውቃል። ሦስት ከሆኑ ግን ሊያመልጡት ይችላሉ። ደግሞም ኢሲሲ ሚስጥራዊ ቁልፍ የለውም፤ የተሠራው ለአጋጣሚ ስህተት እንጂ አስቦ ለሚመጣ አጥቂ አይደለም።

ምልክት፦ የተከራያችሁት ቨርቹዋል ማሽን ሲነሳ ሎጉ ላይ ኤስኢቪ ብቻ ይላል፣ ኤስኤንፒ የለም።

ኤስኢቪ የኤኤምዲ የቨርቹዋል ማሽን ራም ምስጠራ ነው፤ ኤስኤንፒ ደግሞ ጥበቃ የተጨመረበት ዓይነቱ። ኤስኢቪ ብቻውን ያመሰጥራል፣ በቃ። ሰርቨሩን የያዘው ወገን ማንበብ ባይችልም፣ የትናንቱን የተመሰጠረ ዳታ ቀድቶ ዛሬ እዚያው አድራሻ ላይ ቢመልሰው ያለምንም እንከን ይፈታል፤ ማሽናችሁ ትናንት ላይ እንዳለ አያውቅም። ኤስኤንፒ ያለውን ዓይነት ምረጡ፤ የእያንዳንዱን የሚሞሪ ገጽ (ቁራጭ) ባለቤት መዝግቦ ሌላው እንዳይጽፍበት ይከለክላል። ሎጉን ብቻ አትመኑ፣ በፕሮሰሰሩ የተፈረመውን ማረጋገጫ ሪፖርት ጠይቁና ፊርማውን ፈትሹ። ሰርቨሩ ላይ በእጁ ሽቦ የሚቀጥል ሰው ከሆነ የሚያሰጋችሁ፣ ለእሱ ኤስኤንፒም አይበቃም።