ደሴን ዱሱ የሚያደርግ ፕሮግራም ከባልደረባ ጋር እንዴት ይሰራል?

ደሴ ውስጥ አንድ መዝገብ ቤት ነው የምሰራው። ከሰዓት በኋላ የጦሳ ተራራ ጉም ሲለብስ ባለጉዳይ ይሳሳል። ያኔ እኔና ባልደረባዬ ፋይዳ የሌለው ፕሮግራም እንጽፋለን (መታወቂያውን ማለቴ አይደለም)። እስካሁን ከጻፍናቸው ሁሉ ሆዳችንን ይዘን የሳቅንበት አንዱ ነው፤ የጻፋችሁለትን ሁሉ ካዕብ የሚያደርገው። ደሴ ስትሉት ዱሱ ይላል። ኮምቦልቻ ኩሙቡሉቹ ትሆናለች፣ ሐይቅ ሑዩቁ። ጉጉፍቱ ግን ብዙም አልተጎዳችም፤ ጉጉፉቱ ብላ አለፈች። ድሮም ለካዕብ የተሰራች ከተማ ናት።

መጀመሪያ ቀልዱን በቡና ላይ ጨርሱት። ቶናው ሳይቀዳ በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ካልቻላችሁ ተዉት። እኛ አንድ ጊዜ የምሳ ሂሳብ ማን እንደሚከፍል የሚተነብይ ነገር ጀምረን ሦስት ሳምንት ፈጀብን። ሲያልቅ ማንም አልሳቀም። ትንቢቱም ሁልጊዜ እኔ ላይ ነበር የሚወድቀው።

መሣሪያው ፓይተን የሚባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ነው። አውርዶ መጫኑ ያው እንደ ማንኛውም ፕሮግራም ነው። ስልክ ላይ ፓይድሮይድ በሚባል መተግበሪያ ይሰራል፣ እኔ ግን አልወደውም፤ በዚያች ጠባብ ስክሪን ኮድና ፊደል እያፈራረቁ መልቀም ጤፍ መልቀም ነው። ኮምፒውተር ላይ ኮዱን ራሱ ፓይተን ይዞት በሚመጣው አይድል ላይ ጻፉ። የዊንዶውስ ጥቁሩ መስኮት ብዙ ጊዜ የእኛን ፊደል ሳጥን ያደርገዋል። ቻትጂፒቲን ጻፍልኝ ብትሉት ይጽፍላችኋል። ግን ለጨዋታ የተቀመጠ ሰው ጨዋታውን ለሌላ ሰጥቶ ምን ሊሰራ ነው?

አሁን ረጋ በሉ፤ ነገሩ ያለው እዚህ ነው። ኮምፒውተር ፊደልን የሚያውቀው በቁጥር ነው። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ (ለዓለም ፊደላት ቁጥር የሚሰጠው መዝገብ ነው) የገባው እንደ ፈረንጆቹ በ1999 ሲሆን ለሀ የተሰጣት ቁጥር 4608 ነው። ሁ 4609፣ ሂ 4610 እያለ ይወርዳል። ለ 4616 ላይ ይጀምራል። እያንዳንዱ የፊደል ቤት 8 ቦታ አለው ማለት ነው፤ ሰባቱ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ፣ ስምንተኛው እንደ ሏ እና ሷ ላሉት። 4608 ደግሞ ለ8 ያለ ቀሪ ይካፈላል።

ስለዚህ የፊደሉን ቁጥር ለ8 አካፍሉ፣ ቀሪውን ጣሉ፣ መልሳችሁ በ8 አባዙ። የቤቱ ግዕዝ ይወጣል። 1 ስትደምሩበት ካዕብ ነው። ሴ 4660 ናት። ለ8 ስትካፈል 582፣ ቀሪው ይጣላል። በ8 ሲባዛ 4656፣ ይህ ሰ ነው። 1 ሲደመር 4657፣ ሱ። ፓይተን ላይ ፊደልን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ኦርድ (ord) ነው፣ የሚመልሰው ሲኤችአር (chr)። ቀሪ ጥሎ የሚያካፍለው ሁለት ጊዜ የተጻፈ ስላሽ (//) ነው። በቃ፣ ጽሑፉን ፊደል በፊደል እየዞረ ይህን ያድርግ።

መጀመሪያ ስናስኬደው «ደሴ እንዴት ናት» ብዬ ጻፍኩለት። «ዱሱ!ኡኑዱቱ!ኑቱ» ብሎ ጮኸብኝ። ለካ ባዶ ቦታም ቁጥር አለው፤ 32። ለ8 ተካፍሎ በ8 ሲባዛ ያው 32፣ 1 ሲደመር 33። 33 ደግሞ ቃለ አጋኖ ነው። አራት ነጥቡም በዚሁ ስሌት ሁለት ነጥብ ሆኖ አገኘነው። ስለዚህ ከ4608 እስከ 4951 ያለውን ብቻ ንካ፣ ሌላውን እንዳለ እለፈው የሚል ኢፍ (if) አስገቡ።

ከዚያ ባልደረባዬ «ጓደኛ» ብሎ ጻፈ። ባዶ ሳጥን፣ ከኋላው ዱኙ። ፎንቱ ነው አልን። ኒያላን በአቢሲኒካ ቀየርን፣ ያው ሳጥን። ኮምፒውተሩን አጥፍተን አበራን። የአንድ ቀን ሙሉ እረፍታችን ፎንት ስንወቅስ አለቀ። በማግስቱ ቁጥሩን አውጥተን ብናየው ጓ 4883 ናት። ከገ ጋር አይደለችም፤ ጐ፣ ጒ፣ ጓ፣ ጔ፣ ጕ ለብቻቸው ቤት ተሰርቶላቸዋል። የዚያ ቤት ሁለተኛ ቦታ፣ 4881፣ ባዶ ነው። ማንም የለበትም። እኛ ሰው የሌለበት ቤት እያንኳኳን ነበር። ቋ፣ ኋ እና ኳም እንደዚሁ ናቸው። ደግነቱ ሁሉም የሚኖሩት ከዘመዶቻቸው ቀጥለው ስለሆነ መጀመሪያ 8 ቀንሱላቸው። ጓ ወደ ጋ ትመለሳለች፣ ከዚያ ጉ ትሆናለች። ጉዱኙ።

ፋይል የምታስነብቡት ከሆነ ስትከፍቱት ዩቲኤፍ-8 (የዩኒኮድ ቁጥሮች ፋይል ውስጥ የሚቀመጡበት ስልት) በሉት። ውጤቱን ደግሞ በሌላ ስም አስቀምጡ። ይህን የምለው ተቃጥዬ ነው። ባልደረባዬ የደብዳቤ ረቂቁን ኖትፓድ ላይ ይጽፋል። ምሳ ሲወጣ ፕሮግራሙን ረቂቁ ላይ ለቀቅኩት፣ እዚያው ላይ እንዲጽፍ አድርጌ። ሲመለስ አይቶ ይስቃል ብዬ ነበር። እሱ ግን ሳያነብ አትሞ አለቃችን ጠረጴዛ ላይ አኖረው። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው «ጉዱዩ» የሚለውን አነበቡ። ቀጥሎ «ሉሙሙሉኩቱዉ ሁሉ»። ከመስመሩ ሳይጎዳ የተረፈው «ሁሉ» ብቻ ነው። ቀና ብለው «እናንተ ልጆች፣ ጫት ጀመራችሁ እንዴ?» አሉን።

አብሽር፣ እመልሰዋለሁ አልኩት ባልደረባዬን። አይመለስም! ሰባቱም ፊደል አንድ ላይ ስለሚወድቅ ከየት እንደመጣ ማወቂያ የለም። ዱሱ ደሴ ይሁን ዶሴ ማን ያውቃል? መዝገብ ቤት ውስጥ ደግሞ ሁለቱም ሞልቷል። እሱ ከትዝታው እየነገረኝ እኔ እየተየብኩ የመግሪብ አዛን ተሰማ። ከዚያ ወዲህ የምንቀልደው በራሳችን ጽሑፍ ብቻ ነው፣ እሱም ቅጂው ላይ።

በመጨረሻ በ1 ፈንታ ሌላ ቁጥር እየደመራችሁ ሞክሩ። 3 ራብዕ ነው፣ ደሴ ዳሳ ትሆናለች፤ አያስቅም። 2 ግን ሣልስ ነው። ለጓ እና ለቋም በራሳቸው ቤት ሣልስ ስላላቸው ሳጥኑ አይመጣም፣ 8 መቀነስ አያስፈልግም። ባልደረባዬ 2 አስገብቶ ደሴ ብሎ ጻፈና ኢንተር መታ።

ዲሲ።

ለጥቂት ሰከንድ ዝም ብሎ ስክሪኑን አየው። «ያውም ያለ ቪዛ» አለ።