ኬሞ ከመጀመርሽ በፊት፦ ለእንቁላል ማስቀመጫ ኢንሹራንስሽ እንዲከፍል

የጡት ካንሰር እንዳለብኝ የተነገረኝ በ31 ዓመቴ ነው። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ዶክተሯ ስለ ኬሞው (ካንሰሩን ስለሚያጠፋው ከባድ መድኃኒት) አስረድታኝ ስትጨርስ «ወደፊት መውለድ ትፈልጊያለሽ?» አለችኝ። ያን ቀን ስለ ልጅ የማስብበት ልብ አልነበረኝም። ግን እንኳን ጠየቀችኝ። አንቺን ካልጠየቁሽ፣ ራስሽ ጠይቂ። ኬሞ እንቁላሎችሽን ሊጎዳ ይችላል፤ ስለዚህ እንቁላሉ ወጥቶ በቅዝቃዜ የሚቀመጠው ሕክምናው ሳይጀመር ነው።

ሥራው ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጃል። በየቀኑ ሆድሽ ላይ መርፌ ትወጊያለሽ፤ በመጨረሻ በማደንዘዣ እንቁላሉን ያወጡልሻል። የእኔ ካንሰር በሆርሞን የሚያድግ ስለነበር ኢስትሮጅኑ ከፍ እንዳይል ሌትሮዞል የሚባል ክኒን ጨመሩልኝ። ለወንዶች በጣም ይቀላል፤ የዘር ፈሳሽ ሰጥቶ ማስቀመጥ በአንድና በሁለት ቀን ሊያልቅ ይችላል።

ወደ ኢንሹራንሱ ልምጣ። መጀመሪያ ስደውል «ኢንፈርቲሊቲ» (መካንነት) አልኳቸው። «ለእሱ የምንከፍለው አንድ ዓመት ተሞክሮ እርግዝና ሳይመጣ ሲቀር ነው» አለችኝ ሴትዮዋ። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ለካ ቃሉ ነው ያሳሳተኝ። እኔ መካን አልነበርኩም፤ መካን ሊያደርገኝ የሚችለው ሕክምናው ነው። ስለዚህ «ፈርቲሊቲ ፕሪዘርቬሽን» በይ፤ የመውለድ አቅምን ጠብቆ ማቆየት ማለት ነው። ምክንያቱን ሲጠይቁሽ «አያትሮጄኒክ ኢንፈርቲሊቲ» በይ፤ ሕክምና የሚያመጣው መካንነት ማለት ነው። ክሊኒኩም ለኢንሹራንሱ በሚልከው ወረቀት ላይ ከካንሰሩ ኮድ ጋር የፈርቲሊቲ ፕሪዘርቬሽን ኮድ የሆነውን ዜድ 31.84 (Z31.84) እንዲጽፍ ጠይቂ። እንግሊዝኛው ከከበደሽ አማርኛ አስተርጓሚ በነጻ እንዲያቀርቡልሽ ጠይቂ። የደወልሽበትን ቀንና ያነጋገረሽን ሰው ስም ደብተር ላይ ያዢ።

ቀጥሎ ለኤች አር (ለመሥሪያ ቤትሽ የሠራተኛ ጉዳይ ክፍል) አንድ ጥያቄ አለ፦ ፕላናችን «ሰልፍ ፈንድድ» ነው ወይስ «ፉሊ ኢንሹርድ»? እኔ ይህን ለመጠየቅ አፍሬ ሦስት ቀን አባከንኩ። በእኛ ሰው ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር አይወራም፤ ለእናቴ እንኳን አልነገርኳትም ነበር። ግን በሽታሽን ሳትናገሪ የፕላኑን ዓይነት ብቻ መጠየቅ ትችያለሽ። የኢንሹራንስ ካርዱን አይተሽ አትወስኚ። ሰልፍ ፈንድድ ከሆነ የሚከፍለው መሥሪያ ቤትሽ ራሱ ነው፤ ካርዱ ላይ ስሙ ያለው ድርጅት ወረቀቱን ብቻ ነው የሚያስኬደው። እንዲህ ያለውን ፕላን የሚገዛው በ1974 የወጣው ኤሪሳ የሚባል የፌዴራል ሕግ ስለሆነ የስቴት ሕግ አያስገድደውም። ያኔ ልመናሽ ለመሥሪያ ቤቱ ነው፤ ፈቃዱ ከሆነ ሊከፍል ይችላል።

ፉሊ ኢንሹርድ ከሆነ፣ ማለትም የሚከፍለው የኢንሹራንስ ኩባንያው ራሱ ከሆነ ግን፣ ኩባንያው ለፈርቲሊቲ ፕሪዘርቬሽን እንዲከፍል የሚያስገድድ የስቴት ሕግ እንዳለ አጣሪ። ሮድ አይላንድና ኮኔቲከት በ2017 እንዲህ ያለ ሕግ በማውጣት ቀደሙ። የሜሪላንዱ ከ2019፣ የካሊፎርኒያው ከ2020 ጀምሮ ይሠራል። ሁሉም ስቴት የለውም፤ ያለውም ቢሆን ሁሉንም ፕላን አይሸፍንም። አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ደግሞ ፖሊሲው የወጣበት ስቴት እንጂ ቤትሽ ያለበት አይደለም። ሥራሽ ቨርጂኒያ፣ ቤትሽ ሜሪላንድ ከሆነ ይህን በደንብ ጠይቂ።

የእኔ ፉሊ ኢንሹርድ ነበር፤ እንዲያም ሆኖ የእምቢታ ደብዳቤ መጣ። ተስፋ አትቁረጪ። ይግባኝ ስትዪ «ኤክስፒዳይትድ አፒል» በይ። ተራው ይግባኝ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፤ አስቸኳዩ በ72 ሰዓት ውስጥ መልስ ሊሰጠው ይገባል። የካንሰር ሐኪምሽ ደብዳቤ ትጻፍልሽ። በሽታው፣ የመድኃኒቶቹ ስም፣ መካንነት ሊያስከትሉ እንደሚችሉ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ኬሞው የሚጀመርበት ቀን ይግባበት። እኔን ያስፈቀደልኝ ያ ቀን ይመስለኛል። አሁንም እምቢ ካሉ ከኩባንያው ውጭ ያለ ገለልተኛ አካል እንዲያየው መጠየቅ ትችያለሽ፤ «ኤክስተርናል ሪቪው» ይባላል፤ እሱም አስቸኳይ አለው።

ኢንሹራንስ ከሌለሽ ወይም በሩ ከተዘጋ፣ ሊቭስትሮንግ ፈርቲሊቲ የሚባለው ፕሮግራም ለካንሰር ታማሚዎች የዋጋ ቅናሽና የመድኃኒት እርዳታ ይሰጣል። መርፌዎቹ ውድ ስለሆኑ ማመልከቻውን ይግባኙን ሳትጠብቂ ጎን ለጎን አስገቢ።

እንቁላሉ ከወጣ በኋላ በየዓመቱ ተቀምጦ የሚቆይበት ክፍያ ግን ለብቻው ነው። የሜሪላንድ ሕግ እሱን አያካትትም፤ እኔ በየዓመቱ ከኪሴ ነው የምከፍለው። ከመፈረምሽ በፊት ዓመታዊ ዋጋውን ጠይቂ። ክፍያው ቢቋረጥ እንቁላሎቹን ምን እንደሚያደርጓቸውም በውሉ ላይ አንብቢ። ቤት ወይም ስልክ ስትቀይሪ ለክሊኒኩ በዚያው ሳምንት አሳውቂ።