ከጎንደር ተነሥቶ የጎርጎራን ማርያም ግምብ እንዴት ማየት ይገባል

ከጎንደር በስተደቡብ ምዕራብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ የሚገኘውን ማርያም ግምብን ለማየት የሚሄድ ሰው ጉብኝቱን ከሐይቁ ሳይሆን ከከተማው ቢጀምር የበለጠ ይጠቀማል። ይህ የኢየሱሳውያን (ጄስዊት የተባለው የካቶሊክ ካህናት ማኅበር) ሚስዮን ፍርስራሽ ለብቻው ሲታይ የወዳደቀ ድንጋይ ክምር ይመስላል፤ አስቀድሞ ዓይኑን ላለማመደ ሰው ግን ብዙ ይናገራል።

በመጀመሪያ በፋሲል ግቢ የግንቦቹን መጋጠሚያ ቀርበው ይመልከቱ። ድንጋዩን ከድንጋይ ያያያዘው ነጣ ያለው ኖራ ነው። ኖራ በዚህ አካባቢ በግንባታ ላይ የዋለው ጎንደር ዋና ከተማ ከመሆኗ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ሲሆን፣ ቀድሞ በአብዛኛው ድንጋይ የሚያያዘው በጭቃ ነበር። ይህን ልዩነት የያዘ ዓይን ጎርጎራ ሲደርስ የጎንደርን ግንብ ታላቅ ወንድም ያገኛል።

ወደ ጎርጎራ የሚወስደው መንገድ በአዘዞ በኩል ስለሚያልፍ፣ እዚያ ጥቂት መቆም ተገቢ ነው። ሱስንዮስ ገነተ ኢየሱስ የተባለውን ቤተ ክርስቲያን ከአትክልት ቦታና ከውኃ ገንዳ ጋር ያሠሩት፣ ኋላም የተቀበሩት በአዘዞ ነው። በጥምቀት በዓል የሚሞላውን የፋሲል መዋኛ የሚያውቅ ሰው፣ ውኃና ሕንፃን አንድ አድርጎ የመንደፍ ልማድ ከልጁ ከፋሲል በፊት እንደነበረ እዚህ ይረዳል።

የዘመኑን ቅደም ተከተል በአእምሮ መያዝም ይረዳል። ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ካህን ፔድሮ ፓኤዝ ኢትዮጵያ የገባው በ1603 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በሱስንዮስ ቤተ መንግሥት ተወዳጅነት አግኝቶ በ1622 አረፈ። አስጎብኚዎች ብዙ ጊዜ ማርያም ግምብን የፓኤዝ ሥራ ይሉታል፤ ይህ መታረም አለበት። ፓኤዝ በጎርጎራ ለንጉሡ ግንብ ሠርቷል፤ ዛሬ ፍርስራሹ የሚታየው ቤተ ክርስቲያን ግን የተነሣው እርሱ ከሞተ በኋላ፣ በ1620ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ነው። «የፖርቱጋል ነው ወይስ የስፔን?» የሚለው ክርክርም እንዲሁ አይጠቅምም፤ ሚስዮኑ የሚተዳደረው በፖርቱጋል ሥር ነበር፣ ከ1580 እስከ 1640 ግን ሁለቱ አገሮች በአንድ ንጉሥ ይገዙ ነበር። ከሁሉ በላይ፣ በአሜሪካ ምድር እንደተሠሩት የስፔን ሚስዮኖች በቅኝ ግዛት ላይ የቆመ ሳይሆን፣ በኢትዮጵያ ንጉሥ ፈቃድ የተሠራ መሆኑን መርሳት አይገባም።

ጎርጎራ ሲደርሱ ወደ ጀልባው አይቸኩሉ። አስቀድመው የካህናቱን ፈቃድ ጠይቀው፣ ጫማ አውልቀው፣ ደብረ ሲና ማርያምን ይሳለሙ። ክብ ናት፤ መቅደሷ በመካከል ሆኖ በሥዕል ባጌጠ ግድግዳና በመጋረጃ ተሰውሯል። ይህ ምስል ከዓይንዎ ሳይጠፋ ማርያም ግምብ ሲደርሱ፣ በቤተ ክርስቲያኑ መግቢያ በኩል ቆመው ወደ ውስጥ ይመልከቱ። አንድ ረጅም አዳራሽ ነው። ምእመኑ ከደጃፉ ጀምሮ መሠዊያውን ያለ ከልካይ እንዲያይ የታሰበ ነው። በመቅደስ ምሥጢር ላደገ ሕዝብ ይህ ምን ያህል እንግዳ እንደነበር፣ የካቶሊክን እምነት ተቀብለው የነበሩት ሱስንዮስ በ1632 ለምን የቀድሞውን የኦርቶዶክስ ሃይማኖት ለመመለስ እንደተገደዱ፣ ከብዙ ትረካ ይልቅ ይህ ወለል ያስረዳል ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ ወደ ቆሙት ግድግዳዎች ይቅረቡ። በጥንቃቄ የተጠረቡትን ድንጋዮች፣ ከግድግዳው ጥቂት ወጣ ብለው የተቀረጹትን ዓምዶች፣ ቅስቶቹንና በክፈፍ ውስጥ የተፈለፈሉትን አበቦች አንድ በአንድ ይከተሉ። ንድፉ ከአውሮፓ፣ በሕንድ ባለችው በያኔዋ የፖርቱጋል ግዛት በጎዋ በኩል ዞሮ የመጣ ቢሆንም፣ ድንጋዩን የፈለጡትና የተሸከሙት የዚሁ አገር ሰዎች እጆች ናቸው፤ ስማቸው አለመጻፉ ያሳዝነኛል።

ቤተ ክርስቲያኑን ብቻ አይተው አይመለሱ። ከጎኑ ካህናቱ የኖሩባቸው ክፍሎች በግቢ ዙሪያ ተሠርተው እንደነበር መሠረቶቻቸው ያሳያሉ፤ ቤተ ክርስቲያን፣ ግቢና ውኃን አጣምሮ መያዝ የስፔን ሚስዮኖችም የታወቀ አሠራር ነው። ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከማድሪዱ ኮምፕሉቴንሴ ዩኒቨርሲቲ የመጡ አርኪዮሎጂስቶች በእነዚህ ስፍራዎች ቁፋሮና ጥናት አካሂደዋል። ቦታው ወደ ሐይቁ የገባ ምድር ስለሆነ፣ ዙሪያውን ሲሄዱ ለምን እንደተመረጠ ይገባዎታል።

ለጉዞው ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይሻላል፤ ክረምቱ እንዳበቃ ወዲያው ከሆነ ግን ቁጥቋጦው መሠረቶቹን ይሸፍናል። ግድግዳ ላይ አይውጡ፣ አይደገፉ፤ የላላ ድንጋይ ይወድቃል፣ የወደቀ ቅርጽም ከቦታው ከተነሣ ከየት እንደወደቀ ማወቅ አይቻልም። ከጎንደር ሲነሡ የመንገዱን ሁኔታ ይጠይቁ። ከሰዓት በኋላ ጣና በነፋስ ስለሚናወጥ፣ ጀልባዎን በማለዳ ይዘው ከቀትር በፊት ወደ ወደቡ ይመለሱ።