ለደጋ የሚሠራ የጋዝ በርነር፦ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

እሳቱ ቢጫ ሆኖ ድስቱን ሲያጠቁር በቅድሚያ የሚወቀሰው ጋዙ ነው። «ጋዙ ጥሩ አይደለም፣ የሆነ ነገር ቀላቅለውበታል» ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ ያለው በርነሩ ላይ፣ ማለትም ጋዙ በሚነድበት የምድጃው ክፍል ላይ ነው፤ የተነደፈው ለሌላ አገር አየር ነውና። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 30 በመቶ ገደማ ያንሳል፤ በእያንዳንዱ ሊትር አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። የጣርማበርን ቁልቁለት ወርደው ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ ጉድለቱ ወደ 15 በመቶ ዝቅ ይላል። ለሰሜን ሸዋ ምድጃ የሚሠራ ባለሙያ በአንድ ዞን ውስጥ ሁለት ዓይነት አየር እንዳለ አውቆ መነሳት አለበት።

ምግብ ዘገየ ብሎ ጄቱን ማስፋት

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እገልጸዋለሁ። ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ስለዚህ ባቄላና አተር ቶሎ አይበስሉም። የምድጃው ባለቤት ይህን ስትናገር ሠሪው መሰርሰሪያ ያነሳና የጄቱን፣ ማለትም ጋዙ ወደ በርነሩ የሚረጭበትን የትንሿን አፍ ቀዳዳ ያሰፋል። እሳቱ ይጨምራል፤ የሚፈላው ውሃ ግን ከ90 ዲግሪ አያልፍም። ትርፉ ብዙ እንፋሎትና ቶሎ የሚያልቅ ሲሊንደር ብቻ ነው። ለመዘግየቱ መፍትሔው ክዳኑ የሚቆለፍና እንፋሎቱን አምቆ የሚያበስል ድስት እንጂ ሰፊ ጄት አይደለም።

ጉዳቱም በዚህ አያበቃም። 0.70 ሚሊ ሜትር የነበረ ቀዳዳ 0.80 ሲሆን የሚወጣው ጋዝ 30 በመቶ ይጨምራል፤ ለዓይን የማይታይ ልዩነት ነው። በሲሊንደር የሚሸጠው ጋዝ የፕሮፔንና የቡቴን ቅልቅል ነው። አንድ ሊትር ፕሮፔን በሚገባ ለመንደድ 24 ሊትር ያህል አየር ይፈልጋል፤ ቡቴን ደግሞ 31 ሊትር። አየሩ በሳሳበት አገር ጋዝ መጨመር ማለት ያልነደደ ካርበን፣ ጥላሸትና ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን መርዛማ ጋዝ ማምረት ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ በርና መስኮት ተዘግቶ በሚበሰልበት ቤት ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው። በአሜሪካ የተለመደው የተከላ ደንብ ቦታው ከ600 ሜትር በላይ ሲሆን ከባሕር ጠለል ጀምሮ ለየ300 ሜትሩ ከፍታ የምድጃው ኃይል 4 በመቶ እንዲቀነስ ይላል፤ በዚህ ስሌት ደብረ ብርሃን ላይ ከአንድ ሦስተኛ በላይ ይቀነሳል። እኔ ይህን እንደ መነሻ እንጂ እንደ መጨረሻ አልወስደውም። በትንሹ ጄት ጀምሮ ነበልባሉን እያዩ መጨመር ይሻላል፤ ሰማያዊ ሆኖ ውስጠኛው ሾጣጣ ጥርት ብሎ ከታየ ልኩ እዚያ ነው። የተደፈነ ጄትን በመርፌ መጎርጎርም ቀስ በቀስ ማስፋት ነውና ይቅር፤ በአየር ይነፋ ወይም ይቀየር።

ብልጭታው እንዲበረታ መለኮሻውን ማስጠጋት

መለኮሻው አልያዝ ሲል ብዙ ሰው ጫፉን ወደ በርነሩ ያጥፈዋል። ብልጭታው ይደምቃል፣ እሳቱ ግን አሁንም አይነሳም። ብልጭታው የሚፈጥራት ትንሽ የእሳት ኳስ ገና ሳታድግ በግራና በቀኝ ያሉት ቀዝቃዛ ብረቶች ሙቀቷን ይነጥቋታል። በባሕር ጠለል ላይ የፕሮፔን እሳት 2 ሚሊ ሜትር ገደማ በሆነ ክፍተት ውስጥ ይሞታል። ግፊቱ ሲቀንስ ይህ ልክ ይሰፋል፤ ደብረ ብርሃን ላይ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። እሳቱን ለማስነሳት የሚያስፈልገው ጉልበትም በግምት እጥፍ ይሆናል። ደግነቱ የሳሳ አየር ብልጭታን በቀላሉ ያሳልፋል፤ ስለዚህ ክፍተቱን 4 ሚሊ ሜትር ማድረግ አያስፈራም። ዋናው ነገር ብልጭታው የሚዘልበት ቦታ ነው፦ ጋዝና አየር ተቀላቅለው ከቀዳዳው በሚወጡበት መንገድ ላይ መሆን አለበት። የመለኮሻውን ብረት የሸፈነው ሴራሚክ ከተሰነጠቀ ወይም የገነፈለ ሽሮ ከደረቀበት ብልጭታው ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ እስኪይዝ የተጠራቀመው ጋዝም በአንድ ጊዜ ቡፍ ይላል።

ለምጣድ ቱቦውን እንደነገሩ መብሳት

የእንጀራ ምጣድ ሰፊ ነው፣ እሳቱም እኩል መዳረስ አለበት። የተለመደው አሠራር ቱቦ አጥፎ በየቦታው መብሳት ነው። እስቲ እናስላው። 45 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቀለበት በየ7 ሚሊ ሜትሩ ቢበሳ 200 ያህል ቀዳዳ ይወጣዋል። እያንዳንዱ 2.5 ሚሊ ሜትር ከሆነ የሁሉም ስፋት ተደምሮ 980 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሆናል። ውስጡ 25 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦ ግን 490 ብቻ ነው፤ ጋዙ ከመግቢያው ግራና ቀኝ ስለሚከፈል ይህ እጥፍ ሆኖ 980 ቢቆጠርም ገና ከቀዳዳዎቹ ጋር እኩል ይሆናል እንጂ አይበልጥም። መግቢያው አጠገብ ያሉት ቀዳዳዎችና ከማዶ ያሉት እኩል አይደርሳቸውም፤ እንጀራውም በአንድ ወገን ያርራል፣ በሌላው ሊጥ ይቀራል። ቀዳዳውን 2 ሚሊ ሜትር ቢያደርጉት ድምሩ ወደ 630 ይወርዳል፤ ከ980 ስለሚያንስ ያ ይሠራል። መሐሉ ላይ ሁለተኛ ትንሽ ቀለበት ሲጨመር የራሱ ጄትና የራሱ መክፈቻ ይኑረው።

ቀዳዳዎቹን ማራራቅም ሌላ ጣጣ አለው። እሳቱ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር ስለሚያቅተው የቀለበቱ ግማሽ ሳይነድ ጋዝ ይለቃል። ከመሰርሰሪያው የቀረውን የብረት ፍርፋሪ ካላጸዱት ደግሞ ነበልባሉ ጠማማ ይሆናል።

በሞላ ሲሊንደር፣ በቀትር፣ ያለ ድስት መሞከር

እንዲህ ሲፈተን በርነር ሁሉ ጥሩ ይመስላል። በሲሊንደሩ ውስጥ ፕሮፔኑ ቀድሞ ይተንና ወደ መጨረሻው ቡቴኑ ይበዛል፤ ብዙ አየር የሚፈልገው እሱ ነው። በውርጭ ጠዋት ደግሞ የሲሊንደሩ ግፊት ይወድቃል። ለ30 ሚሊ ባር የጋዝ ግፊት የተሠራ ምድጃ ከ20 እስከ 35 ድረስ ተረጋግቶ መንደድ አለበት፤ በትንሹ እሳት ላይም፣ በትልቁም፣ ቀዝቃዛ ውሃ የሞላ ድስት ተጥዶበትም። ነበልባሉ ከቀዳዳው ተነስቶ ከተንሳፈፈ የጋዙ ፍጥነት በዝቷል ወይም አየሩ ከልክ አልፏል፤ ወደ ውስጥ ገብቶ በቱቦው ውስጥ ከነደደ ፍጥነቱ አንሷል ወይም ቀዳዳው ሰፍቷል። በዚያ ብርድ ሲሊንደሩን በከሰል ለማሞቅ የሚሞክር ሰው ካጋጠመዎት ያስቁሙት።

ነፋስን ለመከላከል ዙሪያውን መዝጋት

ጣርማበርና መንዝ ላይ ነፋሱ ምድጃ ያጠፋል፤ መከለያ ያስፈልጋል። ነገር ግን ነበልባሉ የሚነደው ከጄቱ ጋር በሚገባው አየር ብቻ አይደለም፤ ከዙሪያውም ይስባል። መከለያው ከጎን ይከልል፣ ከሥር ክፍት ይሁን። የድስቱ መቀመጫም ሰማያዊው ሾጣጣ ብረቱን እንዳይነካ ከፍ ይበል።

የሲሊንደር በርነርን ለባዮጋዝ ማዋል

ባዮጋዝ ውስጥ ሚቴኑ ከ50 እስከ 70 በመቶ ነው፤ የቀረው በአብዛኛው የማይነድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ግፊቱ ዝቅተኛ፣ ነበልባሉም ዝግተኛ ነው። ጄቱ በብዙ መስፋት፣ የሚገባው አየር መቀነስ፣ የቀዳዳዎቹም ብዛት መጨመር አለበት። ጄቱን ብቻ ቀይሮ «ለሁለቱም ይሆናል» ብሎ መሸጥ አይገባም፤ እንዲያ የተሸጠ ምድጃ ድስቱ ሲነሳ ነበልባሉ ከቀዳዳው ተነስቶ ይጠፋል።