ሩት 66 ላይ ስልካችሁ ከአሮጌው መንገድ እንዳያስወጣችሁ

ሩት 66 በሚባለው ታሪካዊ የአሜሪካ መንገድ ለመንዳት መድረሻችሁን ብቻ ጽፋችሁ ከተነሳችሁ ጎግል ማፕስ የሚመርጥላችሁ አጠገቡ ያለውን ኢንተርስቴት (ግዛቶችን የሚያገናኘውን ፈጣን አውራ ጎዳና) ነው፤ ፍጥነቱን እንጂ ታሪኩን አያይም። ብቻውን የሚነዳ ሰው ደግሞ ካርታ የሚያይለት የለም። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት መሀል ላይ ማቆሚያዎች ጨምሩ። አሪዞና ውስጥ ከሰሊግማን ወደ ኪንግማን ስትሄዱ ፒች ስፕሪንግስንና ሃክቤሪን ብታስገቡ 140 ኪሎ ሜትር ያህሉን በአሮጌው አስፋልት ትጨርሱታላችሁ። ስልኩ ፈጣኑን መንገድ የሚያሰላው በየሁለቱ ነጥቦች መካከል ስለሆነ፣ ነጥቦቹ ሲቀራረቡ ማምለጫ ያጣል።

ነጥቡን ግን ኢንተርስቴቱ መውጫ አጠገብ አትጣሉት፤ ስልኩ ነጥቡን ነካ አድርጎ ወደ ኢንተርስቴቱ ይመልሳችኋል። ካርታውን አጉልታችሁ፣ ከመጋጠሚያው ራቅ ብሎ ራሱ አሮጌው መስመር ላይ ጣታችሁን ተጭናችሁ ያዙ። አውራ ጎዳናዎችን አስወግድ የሚለውን ምርጫ እኔ አልመክርም። ሩት 66 በ1985 ከአገሪቱ የመንገድ መዝገብ ወጥቷል፣ ብዙ ቦታም ኢንተርስቴቱ ላዩ ላይ ተሠርቶበታል፤ እዚያ ምርጫው ወደ ጠጠር መንገድ ሊያስገባችሁ ይችላል።

በረሃው ላይ ኔትወርክ ስለሚጠፋ የአካባቢውን ካርታ ማታ በዋይፋይ አውርዱ። ከ12 ሜትር በላይ የሚረዝም መኪና ከያዛችሁ ከኪንግማን ወደ ኦትማን የሚወስደውን ጠመዝማዛ የተራራ መንገድ ጉዟችሁ ውስጥ አታስገቡ፤ ክልክል ነው።